የዘፈን መዝገብ ያዦች

የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ማኅበር የሚባል ነገር አለ ብዬ ብነግራችሁ ግማሻችሁ ትስቃላችሁ። ሙዚቃ ይሰማል እንጂ ይነበባል እንዴ? የሚል ይኖራል። ሌላው ደግሞ የላይብረሪ ሠራተኛ ሥራው «ዝም በሉ!» ማለት ነው፣ ከሙዚቃ ጋር ምን አገናኘው? ይላል። ሁለቱም ጥያቄዎች ተገቢ ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ ስለነዚሁ ሰዎች ነው። ሲዘፍኑ አይሰሙም፣ ዜማም አይደርሱም፣ መድረክ ላይ ወጥተው የሚያጨበጭብላቸው የለም። ሥራቸው ዝርዝር መጻፍ ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ የነገሩ መነሻ ፈረንጅ አገር ስለሆነ አንባቢ ይታገሠኝ።)

በ1931፣ በሰኔ ወር፣ አሜሪካ ውስጥ ኒው ሄቨን በተባለች ከተማ፣ በዬል ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ሰዎች ተሰበሰቡ። ከጥሪው ጀርባ ከነበሩት መካከል የዬል የሙዚቃ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ኢቫ ጀድ ኦሚራ ይገኙበታል። ጊዜው አሜሪካ በታላቁ የኢኮኖሚ ውድቀት የተመታችበት ነው። ባንክ ይዘጋል፣ ሰው ለአንድ ሳህን ሾርባ ይሰለፋል። እነዚህ ሰዎች ግን ኖታ እንዴት ይጠረዝ፣ ሸክላ እንዴት ይደርደር፣ ካርዱ ላይ ምን ይጻፍ ብለው የሚጨነቁ ነበሩ። የሙዚቃ ቤተ መጻሕፍት ማኅበር የተመሠረተው እንዲህ ነው። ሦስት ዓመት ቆይቶ በ1934 ኦሚራ «ኖትስ» የሚል መጽሔት ጀመሩ። መጽሔት አልኩት እንጂ ያኔ በስቴንስል የተባዛ ወረቀት ነበር። የኛን የስድሳዎቹን የተማሪ በራሪ ወረቀት ያየ ሰው መልኩን ይገምተዋል። ይኸው ወረቀት ዛሬም በመውጣት ላይ ያለ ትልቅ የሙያ መጽሔት ነው።

ለመሆኑ ምን የሚያጨቃጭቅ ነገር ቢኖረው ነው ማኅበር ያስፈለገው? መጽሐፍ ሲሆን ነገሩ ቀላል ነው። «ፍቅር እስከ መቃብር» ብላችሁ ካርድ ትከፍታላችሁ፣ ከላይ ሐዲስ ዓለማየሁ ብላችሁ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ሙዚቃ ግን እንዲህ በዋዛ አይያዝም። ቤትሆቨን የጻፈው አንድ የፒያኖ ሶናታ አለ፤ ሰው ሁሉ «የጨረቃ ብርሃን» ይለዋል። ቤትሆቨን ግን እንዲህ አላለውም፤ ስሙ የተለጠፈበት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ጀርመኑ በጀርመንኛ፣ ፈረንሳዩ በፈረንሳይኛ፣ እንግሊዙ በእንግሊዝኛ ያትመዋል። አንዱ አሳታሚ በቅጽል ስሙ፣ ሌላው በቁጥሩ ብቻ ይጠራዋል። እንግዲህ ከሽፋኑ ላይ እየገለበጠ ካርድ የሚጽፍ ሠራተኛ ያንን አንድ ሶናታ አሥር ቦታ ይበትነዋል። ፈላጊው መጥቶ አንዱን ያገኝና ዘጠኙን ሳያይ ይሄዳል። ስለዚህ የሙዚቃ ላይብረሪያኖች ሽፋኑ ያሻውን ይበል፣ እኛ በካርዳችን ራስ ላይ የምንጽፈው የጋራ ስም ይኑረን አሉ። ለዚህ ሲከራከሩ፣ ኮሚቴ ሲያቋቁሙ፣ ረቂቅ ሲያነቡ ዓመታት አለፉ፤ ከአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ጋር ሆነው የሙዚቃና የሸክላ ካታሎግ ደንባቸውን በአንድ መጽሐፍ ያወጡት በ1958 ነው። መካከል ላይ ነገሩ ባሕር ተሻግሮ በ1951 ፓሪስ ላይ ዓለም አቀፍ ማኅበር ቆመ። በማግሥቱ ዓመት በየአገሩ ያለውን የቆየ የሙዚቃ ጽሑፍ አንድ በአንድ የመመዝገብ ሥራ ተጀመረ። ይህ ምዝገባ እስከ ዛሬ አላለቀም።

ፈረንጅ ሶናታ ካለው እኛ ትዝታ አለን። እስቲ አንድ ሰው ከአንድ መዝገብ ቤት ገብቶ «ትዝታን ስጡኝ» ይበል። የቱን? ትዝታ ቅኝት ነው፤ ከባቲ፣ ከአምባሰልና ከአንቺ ሆዬ ጋር ይቆጠራል። ትዝታ ዘፈንም ነው፤ ትዝታን ያልዘፈነ አንጋፋ ድምፃዊ ፈልጉልኝ። በክራር አለ፣ በመሰንቆ አለ፣ በሙሉ ኦርኬስትራ አለ። ያው ድምፃዊ በሃያ ዓመቱ ያለውንና በስድሳ ዓመቱ ያለውን እንኳ አንድ ናቸው ብሎ የሚከራከር ጆሮ ያለው ሰው አይመስለኝም። ርእሱን ብቻ የጻፈ ሰው እንግዲህ ምንም አልጻፈም ማለት ነው።

የሰው ስም ደግሞ አለላችሁ። ውጭ አገር ሸክላና ሲዲ ቤት የገባ ሰው ያውቀዋል፤ ማሕሙድ አሕመድን በ«አሕመድ» ሥር ይደረድሩታል። አባትየውን አክብረው ልጁን ረሱት። የላይብረሪያኖቹ ዓለም አቀፍ ደንብ በዚህ ረገድ ከነጋዴው የተሻለ አስተዋይ ነው፤ የቤተሰብ ስም የሌለውን ሕዝብ በራሱ ስም አስገቡት ይላል። ፊደሉ ግን ሌላ ጣጣ ነው። ፍራንሲስ ፋልሴቶ ከ1997 ጀምሮ ፓሪስ ላይ ባወጣው «ኢትዮፒክስ» የተሰኘ ተከታታይ ሲዲ የዘፋኞቻችንን ስም በፈረንሳይኛ አነባበብ ጻፈው። የእንግሊዝኛው አጻጻፍ ሌላ ነው። የቤተ መጻሕፍቱ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ፣ ነጥብና ሰረዝ የተሸከመ ነው። ጥላሁን ገሠሠ አንድ ሰው ሆኖ ሳለ በላቲን ፊደል ሦስት አራት ሰው ሆነ። እኛ በፈረንጅ ከመሳቃችን በፊት ግን የራሳችንን ጓዳ ብናይ ደግ ነው። ዓለማየሁ እሸቴን በዐይኑ ዐ የሚጽፈው አለ፣ በአልፋው አ የሚጽፈው አለ። በአንዱ የፈለገ በሌላው የተጻፈውን አያገኘውም። በማስተማር ዘመኔ ስለ ሞክሼ ፊደላት ክርክር ሲነሣ ተማሪው ማዛጋት ይጀምር ነበር። ክርክሩ የሊቃውንት ቅንጦት ይመስላል፤ ዝርዝር መሥራት የጀመረ ሰው ግን በመጀመሪያው ቀን ያጋጥመዋል።

ወደ ማኅበሩ ልመለስ። አሜሪካ ሰፊ አገር ነው፤ በዓመት አንዴ ትልቅ ስብሰባ ቢጠራ ሁሉም ሰው ቲኬት ቆርጦ አይደርስም። በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ደግሞ የሙዚቃ ላይብረሪያን ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ ስለ ሥራው የሚያማክረው ጎረቤት የለውም። ስለዚህ በየአካባቢው ቅርንጫፍ ማኅበራት ተፈጠሩ፤ የኒው ኢንግላንድ፣ የመካከለኛው ምዕራብ፣ የቴክሳስ፣ የደቡብ ምሥራቅ እየተባሉ። የሚያደርጉትን ስሰማ ያስታወሰኝ የኛን የጽዋ ማኅበር ነው። ዛሬ አንዱ ቤተ መጻሕፍት ያስተናግዳል፣ በሚቀጥለው ዓመት ተራው የሌላው ነው። ተሰብስበው የእንግዳ ተቀባዩን መደርደሪያ ይጎበኛሉ፣ ያስቸገራቸውን ያወራሉ፣ ስለ ሙዚቃ ሳያውቅ የሙዚቃ ክፍል ለተሰጠው ምስኪን ሥልጠና ያዘጋጃሉ፣ ለተማሪና ለአዲስ አባል የመጓጓዣ ይደጉማሉ። የደቡብ ምሥራቁ ቅርንጫፍ ዜና መጽሔት «ብሬቭ ኖትስ» ይባላል። ቀልድ አለበት። ብሬቭ በላቲን አጭር ማለት ነው፤ በሙዚቃ ጽሑፍ ግን ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት ኖታዎች ሁሉ ረጅሙ እሱ ሆኖ ቀርቷል። አጭር ማስታወሻ ብሎ ጀምሮ መጨረስ ያቃተውን ሰው ያስታውሰኛል።

ይኼ የደቡብ ምሥራቅ ክልል ሉዊዚያናን ይጨምራል፤ የጃዝ አገር ኒው ኦርሊንስ በዚያ ነች። በነሐሴ 2005 ካትሪና የተባለው አውሎ ነፋስ መጥቶ ግድቦቹ ሲደረመሱ የቱሌን ዩኒቨርሲቲ ዋና ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት በውሃ ተሞላ። በዚያ ምድር ቤት የነበረው ማን ነው? የሙዚቃው ክፍል። (በየትኛውም አገር ሕንፃ ሲከፋፈል ምድር ቤት ለማን እንደሚደርስ ልብ በሉ።) ኖታውም ሸክላውም ጠለቀ። የራሰው ወረቀት ሻጋታ እንዳይበላው በማቀዝቀዣ መኪና ተጭኖ ተወሰደ፤ በረዶ አድርጎ ማድረቅ የሚባል ሙያ አለ። በዚያው ዩኒቨርሲቲ በሌላ ሕንፃ ላይኛው ፎቅ ላይ ደግሞ የጃዝ መዝገብ ቤት አለ፤ በ1958 በፎርድ ፋውንዴሽን ገንዘብ የተጀመረ ነው። ዋናው ስብስቡ ተረፈ። ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ሁለት ሰዎች፣ ዊልያም ራስልና ሪቻርድ አለን፣ ቴፕ ተሸክመው ያረጁትን የጃዝ ሰዎች በየቤታቸው እየዞሩ «አንተ ማን ነህ፣ ከማን ጋር ተጫወትክ፣ ያን ዕለት ከበሮው ላይ ማን ነበር» እያሉ መጠየቅ። የተጠየቁት ሽማግሌዎች ዛሬ በሕይወት የሉም። መልሳቸው አለ።

ዝርዝር ምን ይጠቅማል ለሚለኝ ሰው ሁለት እሳት ልጥቀስለት። በመስከረም 2004 ጀርመን ዋይማር ውስጥ የዱቼስ አና አማሊያ ቤተ መጻሕፍት ተቃጠለ። ወደ 50 ሺህ መጻሕፍት ወደሙ፤ ከነዚያ ውስጥ ልዕልቲቱ የሰበሰበችው ሙዚቃ ዋናው ነበር። ካታሎግ ስለነበራቸው ግን የሞተውን በስሙ ያውቁታል። ዝርዝሩን ይዘው የአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎችን እየዞሩ የሚተካውን መግዛት ጀመሩ፤ በእጅ የተጻፈው አይተካም፣ ቢያንስ ምን እንደነበር ይታወቃል። ከአራት ዓመት በኋላ በ2008 ሆሊውድ ውስጥ የዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ሲቃጠል የታወቁ ዘፋኞች የመጀመሪያ ቅጂ ቴፖች የተቀመጡበት መጋዘን አብሮ ነደደ። የጉዳቱን ስፋት ሕዝብ የሰማው በ2019 ከጋዜጣ ነው። የማን ዘፈን ተቃጠለ፣ የማን ተረፈ የሚለው ከዚያ በኋላም ሲያጨቃጭቅ ቆየ። አንደኛው ቤት በስም እያነሣ ያለቅሳል፣ ሁለተኛው ለማን እንደሚያለቅስ እንኳ አላወቀም።

እኛስ? መቼም ዜማን በዝርዝር መያዝ ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። ድጓን የገለጠ ሰው ከቃሉ በላይ የተደረደሩትን ጥቃቅን ፊደላት ያያል። ምልክት የሚባሉት እነዚህ ፊደላት ከታወቀ ዜማ የተቀነጨቡ ቃላት ናቸው፤ «ይህን እዚያ ጋ እንዳለው በለው» ይላሉ። ማጣቀሻ ማለት ሌላ ምንድን ነው? በትውፊት በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደሠሩት ይነገራል። መሪጌታው ካታሎግ የሚለውን ቃል ሳይሰማ ካታሎግ በራሱ ይዞ ኖሯል።

ዓለማዊው ዘፈን ነው መዝገብ ያዥ ያጣው፤ ያገኘውም ብዙ ጊዜ በሰው አገር ነው። በ1906 ኤኖ ሊትማን የመራው የጀርመን የአክሱም ጉዞ ሲመጣ ሐኪሙ ኤሪክ ካሽከ ድምፅ መቅጃ ይዞ ነበር። የቀዳው በሰም ላይ ነው። (ቅኔ ለለመደ ጆሮ ሰሙ በርሊን፣ ወርቁ የኛ ነው።) ሰሞቹ በ1900 የተቋቋመው የበርሊን የድምፅ መዝገብ ቤት ገቡ። የዚያ ቤት ስብስብ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አብዛኛው ወደ ሌኒንግራድ ተወሰደ፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተመለሰ፤ በ1991 በርሊን አንድ ከሆነች በኋላ ወደ ቀድሞ ቤቱ ገባ። ያን ሁሉ መንከራተት አልፎ የትኛው ሰም የማን እንደሆነ ሊታወቅ የቻለው የተጻፈ ነገር ስለነበረ ነው። በ1999 ዩኔስኮ በዓለም ቅርስነት መዘገበው፤ በ2006 የሰሞቹ ዝርዝር መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ደግሞ በ1908 ጀርመን አገር ሸክላ ቀዱ፤ የእግር ኳሱ ሰው የአቶ ይድነቃቸው ተሰማ አባት ናቸው። ከዚያ ብዙ ዘመን አለፈ። በ1948 ሸክላ የማስመጣትና የማሳተም መብት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጠ። ይህን የጣሰው አምሃ እሸቴ የሚባል ሙዚቃ ቤት የነበረው ወጣት ነው። በ1969 በዓለማየሁ እሸቴ ድምፅ ጀምሮ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከመቶ በላይ ነጠላ ሸክላ አወጣ፤ የሚታተሙት ባሕር ማዶ ነበር። በ1975 ተሰደደ። አምሃም ዓለማየሁም በ2021 በአንድ ዓመት ውስጥ አረፉ። ጥላሁን በ2009፣ ጌታቸው መኩሪያ በ2016 ቀድመዋቸው ሄደዋል። ሸክላው ላይ ያልተጻፈውን፣ ያን ሌሊት ስቱዲዮ ውስጥ ማን እንደነበር፣ ማን ሳክስ እንደነፋ፣ ግጥሙን በሲጋራ ወረቀት ጀርባ ላይ ማን እንደጻፈ የሚያውቁት እነሱ ነበሩ።

እኔን የሚቆጨኝ የግጥሙ ነገር ነው፤ ሙያዬ ነበርና። ዩኒቨርሲቲ ሳስተምር አንድ ተማሪዬ በስድሳዎቹ የዘፈን ግጥሞች ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ ልሥራ አለኝ። ደስ አለኝ። ሦስት ወር ቆይቶ መጣና «ጋሼ፣ ዘፋኞቹን አግኝቻለሁ፤ ገጣሚዎቹ ግን ስም የላቸውም» አለኝ። ካገኛቸው ሸክላዎች ብዙዎቹ ላይ የድምፃዊው ስም ጎልቶ ተጽፏል፤ ግጥም የሚል መስመር የለም። ካሴት የተባዛ ከካሴት ሲሆን ደግሞ ሽፋኑም ይቀራል። እነዚያን ስንኞች ሰው በሠርግ ያዜማቸዋል፣ በፍቅር ደብዳቤ ይገለብጣቸዋል፤ ባለቤታቸውን የሚያውቅ የለም። ነገሩ የክብር ብቻ አይደለም። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 (ይኼኛው በኛ አቆጣጠር ነው) የደራሲው የኢኮኖሚ መብት እሱ ከሞተም በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል፤ ለወራሾቹ ያልፋል። ግን የማን ወራሽ? አባቷ ጽፎት የሞተውን ዘፈን በታክሲ ውስጥ የምትሰማ ልጅ በምን ታስረዳለች? ስሙን የያዘ አንድ ካርድ ቢኖር ማስረጃ ነበር።

ተማሪዬ በመጨረሻ ያዳነው የመንግሥት መሥሪያ ቤት አልነበረም። አንድ የሙዚቃ ቤት ባለቤት ሽማግሌ ናቸው። ቆጣሪ የመሰሉ ጥንቁቅ ሰው፤ እያንዳንዱን ሸክላ ሲገዙ በባለ መስመር ደብተር ይመዘግቡ ነበር። ቀን፣ ዘፋኝ፣ «ግጥም የማን እንደሆነ ተጠይቆ»፣ ዋጋ። ሦስተኛው ዓምድ በቀይ እስክሪብቶ ነው። ልጁ ደብተሩን በእጁ ገልብጦ ጽሑፉን ጨረሰ። ሽማግሌው ከሞቱ ቆይቷል፤ ሱቁ ዛሬ የሞባይል መለዋወጫ ይሸጥበታል። እንዲህ ያሉ ደብተሮች በየአሮጌ ሳጥኑ ውስጥ ስንት እንደሚሆኑ ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል።

እንግዲህ ሁሉም ጠፋ ብዬ ሙሾ ላወርድ አይደለም። አገር ቤት ወመዘክር አለ፣ ከ1944 ጀምሮ። (በ«ና» የሚጀምር ስም ያለው መሥሪያ ቤት ሌላ አገር ይኖር ይሆን? ቤተ መጻሕፍቱ ቀርቶ «ወመዘክሩ» ብቻ በአዲስ አበባ ሰው አፍ ላይ ቀረ።) በ1963 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም የድምፅ ክፍል አለው። ከባሕር ማዶ ደግሞ የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም የማንሣት ሥራ በ1973 ተጀመረ፤ ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ በኋላ ሚኒሶታ ላይ ተቀምጠው እስከ ዕለተ ሞታቸው በሺዎች የሚቆጠሩ መጻሕፍትን፣ ድጓውን ጭምር፣ ገጽ በገጽ እያነበቡ ምን ምን እንዳለባቸው ጻፉ። ሙዚቀኞቻችን በብዛት የተሰደዱበት አገር አሜሪካ ነውና፣ ፕሮፌሰር ኬይ ካውፍማን ሸለሜይ በ2007 እና በ2008 በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ሆነው ስደተኞቹን አርቲስቶች እያስቀመጡ ጠየቁ። ያ ቅጂ በዚያው ቤተ መጻሕፍት በስም በስሙ ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ከእሱም በ2022 መጽሐፍ ወጣ። የኒው ኦርሊንሱ ጥያቄ ነው፤ «አንተ ማን ነህ፣ ከማን ጋር ተጫወትክ?»

እንግዲህ የጎደለን መደርደሪያ አይመስለኝም። እነዚህ ሰዎች አንዱ የያዘውን ሌላው አያየውም። የሬዲዮው ሰው፣ የዩኒቨርሲቲው ሰው፣ የወመዘክሩ ሰው፣ የፒያሳው አሮጌ ሸክላ ነጋዴ፣ የያሬድ ትምህርት ቤት መምህር፣ ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣ አንድ ሰብሳቢ በዓመት አንድ ቀን በአንዱ ቤት ቢቀመጡ፣ በሚቀጥለው ዓመት ተራው የሌላው ቢሆን፣ ጠበል ጸዲቅ እንኳ ባይኖር ሻይ አይጠፋም። ኦሚራም የጀመሩት በስቴንስል ነው። የመጀመሪያውን ስብሰባ አጀንዳ እኔ ላዋጣ፤ ገሠሠ የሚለው በንጉሡ ሠ ይጻፍ ወይስ በእሳቱ ሰ? እሱ ብቻ ግማሽ ቀን ይፈጃል።